ምላጩ ላይ የቀረው ዱቄት

ማክሰኞ፣ የካቲት 24። ጠዋት 5፡15

ራውንድ፣ የጠዋቱ የአልጋ ላይ ጉብኝት፣ አሁን አለቀ። እግሬም አብሮ አለቀ። አስራ ስምንት አልጋ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መቀመጫ የለም። ዶ/ር ኤልያስ ቆሞ ማስተማር ይወዳል፤ እኛ ቆመን እንሰቃያለን።

ከመድኃኒት መስጫው መስኮት ወጥቼ ዋርድ ከገባሁ ስድስት ወር ሆነኝ። ክሊኒካል ፋርማሲስት። እናቴ እስካሁን አልገባትም። ዶክተር ነሽ ወይስ መድኃኒት ሻጭ ትለኛለች። ሁለቱም አይደለሁም። ሥራዬ ሐኪሙ ያዘዘው ላይ ጥያቄ ማንሳት ነው፤ ለኚህ ሰው ይኼ በዛ፣ ያ አነሰ፣ እነዚህ ሁለቱ አብረው አይሄዱም ማለት። መጀመሪያ ሰሞን አፌን ስከፍት ዶ/ር ኤልያስ ሰዓቱን ያይ ነበር። አሁን «ቤዛስ ምን ትላለች?» ይላል። ደብተሬ፣ ይቺን ሦስት ቃል ለማግኘት ስድስት ወር ፈጅቶብኛል።

11ኛ አልጋ። ሃምሳ አለቃ ገረሱ። ትናንት ነው የተኙት። ከአርባ ዓመት በፊት ሰሜን ግንባር የገባ ፍንጣሪ ቀኝ ባታቸው ውስጥ አለ፤ ቁስሉ በየሁለት ዓመቱ ይከፈታል። ለእሱ ክሎክሳሲሊን፣ አንቲባዮቲኩ። በዚያ ላይ ልባቸው ምት ይስታል። ደም ረግቶ አንጎላቸው እንዳይገባ ዋርፋሪን ይወስዳሉ፣ ደም የሚያቀጥነውን። ከመስከረም ጀምሮ በተመላላሽ የማያቸው እኔ ነኝ። የደማቸው ቅጥነት ሲለካ ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። የእሳቸው ከመሬት አልነሳ አለኝ። መስከረም ላይ 1.2። በቀን አንድ የነበረውን ኪኒን አንድ ተኩል አደረግኩት። ትንሽ ከፍ አለ፣ ቆመ። ትናንት 1.6።

በትክክል ይወስዳሉ ወይ? እንደታዘዝኩት፣ ይላሉ፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው። ወታደር ይዋሻል እንዴ። እኔ የወነጀልኩት ጎመኑን ነው። ጾም ነው፣ ጎመን ይበላሉ፣ ጎመን ደግሞ የዋርፋሪን ጠላት ነው። ጎመን ይቀንሱ ብዬ ቆጣ አልኳቸው። እሺ አሉ። ቀነሱ። ያው 1.6።

ስለዚህ ዛሬ፣ በቀን ሁለት ኪኒን ይሁን አልኩ። ዶ/ር ኤልያስ ብዕሩን አቆመ። በአንዴ? ለስልሳ ስድስት ዓመት ሰው? የስድስት ወር ቁጥር ደረደርኩለት። መድኃኒቱን የሚቋቋም ገላ ነው ያላቸው አልኩ። በሙሉ ድምፅ፣ በተለማማጆቹ ፊት። ፈረመ።

እሰይ!

ሐሙስ፣ የካቲት 26። ከቀኑ 7፡40

ከኮዬ ፈጬ እዚህ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ። የሆነ ሰውዬ ክርን ጎኔ ውስጥ ተተክሎ መጣ። ግን የላብራቶሪው ወረቀት ንዴቴን አበረደው። 11ኛ አልጋ፣ 2.4! ገባ! ስድስት ወር የለፋሁበት ቁጥር በሁለት ቀን ገባ። ዶ/ር ኤልያስ አይቶ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። እሱ ዘንድ ይኼ ጭብጨባ ነው።

ሃ/አለቃ ግን ደስ አላላቸውም። ሁለት ነገር ጠየቁኝ። አንደኛ፣ የዋርዱ ነርስ ሲ/ር ዘሃራ ኪኒኑን አፋቸው ድረስ ይዛ ከምትመጣ በእጃቸው ይሰጣቸው፤ ሕፃን አይደለሁም አሉ። ሁለተኛ፣ የግማሽ ቀን ፈቃድ። ገላን ኮንዶሚኒየም ደርሰው ሊመጡ። ገላን ምን አለ? ሰው አለኝ። ምን ሰው? ፊታቸውን አዞሩ። ቁስላቸው አፉን ከፍቷል፣ ትኩሳቱ ገና አልበረደም፣ እሳቸው ገላን! ሆስፒታል እንጂ ሆቴል አይደለም አልኳቸው። ጮክ ብዬ። አጠገባቸው ያሉት ሳቁ። እሳቸው ጣሪያውን ያዩ ጀመር።

ምሳ ላይ ሲ/ር ዘሃራ ነገረችኝ። ትናንት ማታ ኪኒኑን ምላሳቸው ሥር ደብቀው ሲያስቀሩ ያዘቻቸው። አፍዎን ይክፈቱ ብላ፣ ቆማ አስዋጠቻቸው። ሁለታችንም ሳቅን። ሲሸመግሉ ልጅ ይሆናሉ አልኩ። ሽሮዬን በልቼ ወጣሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 30። ጠዋት 3፡05

እየተጣደፍኩ ነው። ጽሑፌን ቻይው።

ከአውቶቡስ ሳልወርድ ሲ/ር ዘሃራ ደወለች። የሃ/አለቃ አፍንጫ ከንጋት ጀምሮ እየደማ ነው፣ አልቆም ብሏል። ሽንታቸውም ቀይ። ከፌርማታው እስከ በሩ ሮጥኩ። ትራሱ፣ ፎጣው፣ ፒጃማው፣ ሁሉም ደም። እሳቸው ቁጭ ብለው አፍንጫቸውን ይዘው፣ አይዞሽ ይሉኛል። እኔን!

8.1።

ቅዳሜና እሑድ ላብራቶሪው ለድንገተኛ ብቻ ነው፤ ማንም አልለካም። እኔስ? ሐሙስ 2.4 ሲመጣ ፍጥነቱ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። በሁለት ቀን እንዲህ የዘለለ ነገር በሦስተኛው አይቆምም። ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። እኔ ጨፈርኩ። ቅዳሜ ፀጉሬን ተሠራሁ። ፀጉሬን!

ማርከሻው ቫይታሚን ኬ ነው። የዋርዱ ሳጥን ባዶ። መድኃኒት ቤቱ የለም አለ። ዕቃ ቤት ወረድኩ። ሰውዬው መጠየቂያ ሳትሞዪ አይወጣም አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። በሩን ለቀቀልኝ። ሦስት አምፑል፣ የሌላ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ። በደም ሥር፣ ቀስ ተብሎ ገባ። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ነው።

ዶ/ር ኤልያስ አልተቆጣኝም። ይኼ ይብሳል። ሁለት ኪኒን ያልሽው አንቺ ነሽ አላለኝም። እኔው ለራሴ እያልኩት ነው። አምላኬ፣ አይሙቱብኝ።

እዚያው ቀን። ከሰዓት 9፡30

ደሙ ቀንሷል። አልቆመም። ደግሞ ሌላ ጉድ።

ሲ/ር ዘሃራ አንሶላ ስትቀይር ትራስ ልብሱ ውስጥ ምላጭ አገኘች። በጨርቅ የተጠቀለለ። ዋርዱ ተተራመሰ። እኛ ዘንድ ታካሚ ጋ ምላጭ ተገኘ ማለት ትርጉሙ አንድ ነው፤ ባለፈው ዓመት አንዱን በዚሁ ቀብረናል። ሁሉም ነገሩን ገጣጠመ። ኪኒን መደበቃቸው። ገላን ልሂድ ማለታቸው፣ ያ ስንብት ነበር ተባለ። አሁን ምላጭ። የአእምሮ ሐኪሙ ተጠራ። ይጠይቃቸዋል፣ አይመልሱም። ራስዎን ሊጎዱ አስበው ነው? ለምንድን ነው የያዙት? እጃቸውን ከአልጋው ብረት ጋር በፋሻ ለማሰር ተወሰነ። የሚደሙ ሽማግሌ!

እኔ ምላጩን አየሁት። ሲ/ር ዘሃራ በወረቀት ላይ አድርጋ ይዛዋለች። ደም የለውም። ፀጉር የለውም። ስለቱ ላይ ዱቄት አለ። ሮዝ። በጥፍሬ ነካሁት። በዚህ ዋርድ ሮዝ ኪኒን አንድ ብቻ ነው። ስድስት ወር ስቆጥረው ኖሬያለሁ።

ዋርፋሪን ይቆርጡበት ነበር።

ለምን? ከአንድ ተኩሉ ግማሿን እኛው በመቁረጫ ቆርጠን ነው የምንሰጣቸው። ቤት የሚቆረጥ ነገር የለም። ሰውየው የሚካፈሉት ሰው ከሌለ በስተቀር።

ወዲያው ሁሉም ተገለጠልኝ። 1.2። 1.6። መድኃኒት የሚቋቋም ገላ የለም። የጎመን ጦስም አይደለም። ኪኒኑን ግማሹን ብቻ የሚወስዱ ሰው ናቸው። እኔ ግማሹን ሙሉ ነው ብዬ ቆጥሬ፣ እሱ ላይ ሁለት ሙሉ ጫንኩባቸው፤ ነርስ አፋቸውን እያስከፈተች። ሐሙስ ዕለት፣ ሲያስቀሩ ተያዙ ስትለኝ፣ በቃ ያኔ ተነግሮኝ ነበር። ሳቅሁ። ሽሮዬን በላሁ።

አይታሰሩም አልኩ። ለምን አይታሰሩም ተባልኩ። ምላጩ የኪኒን ነው አልኩ። ማረጋገጫሽስ? ጥፍሬን አሳየኋቸው። ዶ/ር ኤልያስ ጎንበስ ብሎ ጥፍሬን አየ፤ ከዚያ ፋሻውን መልሱት አለ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1። ጠዋት 4፡20

3.4። ደሙ ቆመ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ዶ/ር ኤልያስ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። የስህተት ሪፖርት መጻፍ አለብን፣ ሰኞ ኮሚቴው ይቀመጣል። በአንቲባዮቲኩ ብናሳብበውስ? ክሎክሳሲሊኑ ከዋርፋሪኑ ጋር ተጋጨ በይ፣ በዚያው ያልፋል። ለእኔ አስቦ ነው። ለራሱም፤ ፊርማው አለበት። ክሎክሳሲሊን ግን ይህን አያደርግም፤ እንዲያውም ቁጥሩን ወደ ታች ነው የሚጎትተው። ይኼንን ከእኔ በቀር ማንም ልብ አይልም። አስብበታለሁ አልኩት። ስድስት ወር ለዚህ ነው የቆምኩት?

ከዚያ ወንበር ጎትቼ 11ኛ አልጋ ጎን ተቀመጥኩ። ዋርድ ውስጥ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ምላጩን ብርድ ልብሱ ላይ አኖርኩት። ማን ናቸው አልኩ፣ ገላን ያሉት? የምሄድ መስሏቸው ነበር፤ አልሄድኩም።

ሸምሱ ነው አሉ በመጨረሻ።

አስር አለቃ ሸምሱ። አንድ ምሽግ፣ ዓመት ከመንፈቅ። ስንቁ ኮቾሮ ነበር፤ ያ እንደ ድንጋይ የደረቀ የወታደር ብስኩት። ሲጎድል አንዱ ለሁለት። ደንብ ነበራቸው። የቆረጠ አይመርጥም። አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ያነሳል፤ የሚያነሳው ደግሞ ትንሹን ነው፤ ትልቁን ያነሳ ሰው ሁለተኛ አብሮት የሚበላ አያገኝም። እንዲህ ኖሩ። ሲመለሱም እንዲህ።

ሸምሱ እግራቸው ላይ ደም ረግቶ ሌላ ሆስፒታል ዋርፋሪን ታዘዘላቸው። እዚያ መድኃኒቱ የለም፣ ከግል ፋርማሲም ጠፋ። እኛ ጋ አለ፤ ለቀድሞ ሠራዊት በነፃ። ግን የሸምሱ መሰናበቻ ወረቀት የአቃቂ ወንዝ በሞላበት ክረምት ከነሳጥኑ ሄዷል። ካርድ ክፍል ሦስት ጊዜ መለሳቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀት የሌለውን ደግሞ ማንም አይዘውም። ሃ/አለቃ ምላጭ ገዙ።

ለምን አልነገሩኝም አልኩ። እጃቸውን ወደ መስጫው መስኮት ዘረጉ። ገባኝ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አለ። መድኃኒቱን ለሌላ አሳልፎ የሰጠ ከነፃ አገልግሎት ይሰረዛል ይላል። የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በደማቅ ፊደል።

«በጨመርሽልን ቁጥር ደስ ይለን ነበር» አሉኝ።

ጨመርሽልን። ለሁለታቸው።

እሳቸው ከተኙ ዛሬ ስምንተኛ ቀን። አስር አለቃ ስምንት ቀን ያለ ኪኒን። ስልካቸው ዝግ ነው። ያ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ቢገባ፣ በቃ። እጄን ያዙኝ። ፈልጊው፤ ግን ሪፖርቱ ላይ አትጻፊው አሉ። መጀመሪያ ላግኛቸው አልኩ። ቃል አልገባሁም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2። ከሰዓት 10፡00

ገላን። ፈቃድ ሳልጠይቅ ወጣሁ። የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው። ጥበቃ ነው፣ የመጨረሻው በር ላይ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አለ። ገላን ውስጥ ጥበቃ የሌለው በር የለም። አራት ቦታ ተሳሳትኩ። አንዱ ጋ ሻጭ መስያቸው አባረሩኝ። በመጨረሻ አንድ ሱቅ፤ ባለሱቁ ጋሽ ኸይሩ የስልጤ ሰው ናቸው፣ ሸምሱ ስል የአገሬ ልጅ አሉ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ከወንበሩ አልተነሳም፣ ሻይ እኔ ነኝ የምወስድለት።

በሩ ላይ ናቸው። እግራቸው ብሎኬት ላይ ተሰቅሏል። ግራ ባታቸው ትራስ አክሏል፤ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያተኩስ። ትንፋሽስ ያጥርዎታል? አያጥረኝም። ደረትዎን ይወጋዎታል? አይወጋኝም። ተመስገን። ከሆስፒታሉ ነው የመጣሁት ስላቸው ተቀምጠው ሰላምታ ሰጡኝ፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው። ይነሱ እንሂድ አልኩ። አይሆንም። ተረኛ ነኝ፣ የሚተካኝ 12 ሰዓት ነው የሚመጣው። ይሞታሉ እኮ አልኩ። በአላህ ነው አሉ። ደግሞም ሃምሳ አለቃዬ ሳያዝ ወዴት እሄዳለሁ?

የሁለቱንም ራስ ማጋጨት አማረኝ።

ሲ/ር ዘሃራ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጊላቸው አልኳት። ከዚያ እኚያ ሁለት ቀን ሲደሙ የከረሙት ሰውዬ፣ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ በሩ እስኪንቀጠቀጥ ጮኹ፦

«አስር አለቃ ሸምሱ! ጥበቃውን አስረክብ! ከልጅቷ ጋር ና! ትእዛዝ ነው!»

አስር አለቃ በአንድ እግራቸው ተነሱ። ፊሽካውን አውልቀው ለጋሽ ኸይሩ ሰጡ። ጋሽ ኸይሩ ሱቃቸውን ክፍት ትተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ፊሽካውን አንገታቸው ላይ አድርገው። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ።

ባጃጁ ውስጥ አስር አለቃ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። እሱ ኪኒኑን ዋጠ? ዋጡ፣ ከሚገባው በላይ ዋጡ አልኩ። ከኪሳቸው ትንሽዬ የቫዝሊን ቆርቆሮ አወጡ። ከፈቱት። ውስጡ አንዲት ስባሪ ሮዝ ኪኒን፣ ከጥፍር የማትበልጥ። ምናልባት ሆስፒታሉ ካለቀበት ብዬ ለእሱ ያስቀመጥኳት ናት አሉኝ።

ዘጠኝ ቀን። እግራቸው እያበጠ። ቆርቆሮዋ ኪሳቸው ውስጥ።

የባጃጁን ሹፌር ንዳው አልኩት።

አርብ፣ መጋቢት 4። ከቀኑ 8፡15

የአስር አለቃ አልትራሳውንድ። የረጋው ደም ጭናቸው ድረስ ወጥቷል፣ ሳንባ አልደረሰም። መርፌ ተጀመረላቸው። ዶ/ር ኤልያስ በድንገተኛ ስም 12ኛ አልጋ ላይ አስተኛቸው። ካርድ ክፍሉ እስከ ሰኞ ብቻ አለ፤ ከዚያ በኋላ ወይ ወረቀት ወይ ሌላ ሆስፒታል። ሁለቱ አሁን ጎን ለጎን ናቸው። አንተ ነህ ግትር፣ አይ አንተ ነህ፣ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ሲ/ር ዘሃራ ራሴን አመመኝ ትላለች፤ ግን ስታልፍ ስታገድም ትራሳቸውን ታስተካክላለች።

ሪፖርቱ። ትናንት ማታ ሁለት ጻፍኩ። አንደኛው አጭር ነው፤ መድኃኒት ከመድኃኒት ተጋጨ፣ ታካሚው አገገመ። ንጹሕ። ማንም አይጎዳበትም፣ ሸምሱም የለበትም። ሁለተኛው ሁሉንም ይዟል፤ ምላጩን፣ ሁለቱን ሰዎች፣ ማስታወቂያውን፣ እኔን።

ሁለተኛው የእኔ ብቻ ምስጢር አይደለም። ስለዚህ ወንበሬን ጎትቼ በሁለቱ አልጋ መሃል ተቀመጥኩና ሁለቱንም አነበብኩላቸው። ስጨርስ ሃ/አለቃ አንቺስ ምን ትሆኛለሽ አሉ። ምናልባት ወደ መስኮቱ እመለሳለሁ አልኩ፤ ዶክተሮቹ ዘንድ ያለኝ ቃል በዚህ ያበቃል። እርስዎም ሊሰረዙ ይችላሉ። አልዋሸኋቸውም።

አስር አለቃ አጭሩን ስጪ አሉ። ተው አሉ ሃ/አለቃ። እንደገና ጭቅጭቅ። ከዚያ ሃ/አለቃ ያልጠበቅኩትን ነገር ጠየቁኝ። ይኼ ወረቀት ማኅተም አለው? አለው፣ መዝገብ ቁጥርም ይሰጠዋል አልኩ። የሸምሱ ስም ከነማዕረጉ፣ ከነክፍለ ጦሩ ይገባበታል? ብጽፈው ይገባል። የአንድ ምሽግ ሰው ነን ብዬ እኔ እፈርምበታለሁ? ይፈርማሉ።

«እንግዲያው ጻፊው። የሸምሱን ስም ከላይ አድርጊው። ወረቀት ይኑረው።»

ደብተሬ፣ ካርድ ክፍሉ ሦስት ጊዜ ወረቀት አምጣ ብሎ ለመለሰው ሰው ወረቀት የሚሰጠው የእኔ ጥፋት ሆነ። ሃ/አለቃ ይህን ሲያስቡ የራሳቸውን ስም የት እንዳስቀመጡት ልብ አልኩ። ትንሹን አነሱ።

ቅጹ ላይ «የስህተቱ መንስኤ» የሚል መስመር አለ። ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ከመስከረም ጀምሮ ታካሚውን የጠየቅኳቸው ቆሜ፣ በሰልፍ ፊት፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። ቁጭ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ከሥሩ ስሜ፣ ፊርማዬ። ሃ/አለቃም ፈረሙ፤ ፊደላቸው ቀጥ ያለ ነው።

ዶ/ር ኤልያስ ቆሞ አነበበው። ራስሽን ገደል ከተትሽ አለኝ። አዎ አልኩ። ይዞት ሄደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ በተለማማጅ ልኮ መለሰው። ከእኔ ፊርማ ሥር የእሱ አለ። አንድም ቃል አልጨመረበት።

ማስታወቂያውን ከመስታወቱ ላይ ላጥኩት። ሙጫው እንቢ አለ። በምን እንደፋቅኩት ታውቂያለሽ? በዚያው ምላጭ።

ሰኞ፣ መጋቢት 7። ጠዋት 3፡40

ኮሪደር። ኮሚቴው ውስጥ ነው፣ በሩ ዝግ። አግዳሚው ይቀዘቅዛል። የምጽፈው እጄ ሥራ እንዲይዝ ነው። ጠዋት የሃ/አለቃ ቁጥር 2.2። በቀን አንድ ኪኒን፣ ሙሉ፣ ያልተቆረጠ። እንኳን ሁለት፣ አንድ ተኩልም አላስፈለጋቸውም። ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒታቸው ትክክል ነበር፤ የጎደለው ጥያቄዬ ነው።

ድምፅ ይሰማኛል ከውስጥ። ከፍ ብሎ የሚናገረው ማን እንደሆነ አልለየሁትም። ዶ/ር ኤልያስ ከገባ ሃያ ደቂቃ ሆነው። የአስር አለቃ ጉዳይም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ካርድ ክፍሉ ዛሬ መልስ ይፈልጋል። ቁርስ አልበላሁም።

ኧረ! ሃ/አለቃ መጡ። ማን ከአልጋ አስነሳቸው? በከዘራ፣ ቀስ እያሉ፣ ከፒጃማው ላይ አሮጌ የወታደር ካፖርት ደርበው። አልጠሩዎትም እኮ አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ። አጠገቤ ተቀመጡ። ሸምሱም ልምጣ ብሎ ነበር፣ ተኛ ብዬ አዘዝኩት አሉ።

ከካፖርታቸው ኪስ ብስኩት አወጡ። የጾም ነው፣ ጠይቄያለሁ አሉ። አንዱን ለሁለት ቆረሱት። ጠማማ ቆረሳ፣ አንዱ ወገን የሌላውን እጥፍ ያህላል። ሁለቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው ዘረጉልኝ፤ እሳቸው ወደ በሩ ያያሉ፣ ወደ ብስኩቱ አይደለም።

ትንሹን አነሳሁ።

ተማርሽ አሉ። በሉ። እኔም በላሁ፤ ደረቅ ነው፣ አልወርድ ይላል፣ ግን ወረደ። ፍርፋሪው ገጽሽ ላይ ወድቋል፣ አልጠርገውም።

በሩ ተከፈተ። ስሜን ጠሩ። ሁለታችንም እየተነሳን ነው።